ለልብ መርገብገብ ይበልጥ የተጋለጠ ማን ነው? ስለ ሕመም፣ ስለ ጥፋተኝነትና ስለ ባልንጀራ ኃላፊነት



ሐኪሞች ስለ አንድ ደዌ ሲነጋገሩ አስቀድመው ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ማን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በሐኪም አንደበት ሲነገር የቆጠራ ጥያቄ ነው፤ የታመሙት ስንት ናቸው፣ ዕድሜያቸው ምን ያህል ነው፣ አኗኗራቸው እንዴት ነው ከማለት አያልፍም። ይኸው ጥያቄ ከሕክምና ቤት ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን መልኩን ይለውጣል። በሕመምተኛው አልጋ ዙሪያ የተቀመጠ ዘመድና ጎረቤት «የተጋለጠው ማን ነው» ሲባል የሚሰማው «ጥፋቱ የማን ነው» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ርቀት ነው። ለምርመራችን ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ሐኪሞች አትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉትን የልብ ሕመም መርጠናል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የልብ መርገብገብ እንለዋለን።

የሰው ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የላይኞቹ ደሙን ተቀብለው ወደ ታችኞቹ ያወርዱታል፤ የታችኞቹ ደግሞ ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይገፉታል። በጤናማ ሰው የላይኞቹ ክፍሎች በአንድነት ይኮማተራሉ። በዚህ ሕመም ጊዜ ግን አንድነታቸው ይቀርና ነፋስ እንደ መታው ቅጠል ይርገበገባሉ፤ የልብ ትርታም ሥርዐቱን አጥቶ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ የተዘለለ ይመስላል። በላይኛው ክፍል ጥግ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ቅንጣት ከዚያ ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ በድንገት ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል፣ አንደበትን ይዘጋል፣ ወይም ይገድላል። ይህም ስትሮክ የምንለው ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎችን ሲከታተል የኖረው ታዋቂ ጥናት፣ የልብ መርገብገብ በስትሮክ የመመታትን አደጋ ወደ አምስት እጥፍ ከፍ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1991 አሳይቷል። ብዙ ጊዜም ታማሚው ራሱ ሕመሙን አያውቀውም፤ ድካም ነው፣ እርጅና ነው፣ ሐሳብ ነው እያለ ይኖራል።

እንግዲህ የተጋለጠው ማን ነው? በሕክምና መጻሕፍት የሚገኘው የተለመደ መልስ ዕድሜን ያስቀድማል። ሕመሙ ከ50 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ብዙም አይታይም፤ 80 ዓመት ካለፋቸው መካከል ግን ከአሥር ሰዎች አንዱን ያህል ያገኛል። ከዕድሜ ቀጥሎ የደም ግፊት ይመጣል፤ ከዚያም የስኳር ሕመም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥ ትንፋሽና የአልኮል መጠጥ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ሐኪሞች ከበዓልና ከዕረፍት ቀናት በኋላ ልባቸው ተዛብቶ የሚመጡ ጠጪዎችን መዝግበው ሕመሙን «የበዓል ልብ» ብለው ሰይመውታል። ጠላው፣ ጠጁና አረቄው በየበዓላችን እንዴት እንደሚቀዳ የሚያውቅ ሁሉ ስሙ ለእኛም እንደሚስማማ አይክድም።

እዚህ ላይ የሥነ ምግባር መምህር ነኝ ባይ ደስ ሊለው ይችላል። ሆዳምነት፣ ስካርና ስንፍና የእጃቸውን አገኙ ሊል ይቸኩላል። ዳሩ ግን ዝርዝሩ እዚህ አያበቃም። በስዊድን ሀገር ቫሳሎፐት የተባለ 90 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረዶ ላይ ሩጫ አለ። በዚህ ውድድር ከተካፈሉ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ብዙ ጊዜ የተወዳደሩት፣ ጥቂት ጊዜ ከተወዳደሩት ይልቅ ለልብ ምት መዛባት የቀረቡ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ገልጿል። ለዓመታት ያለ ዕረፍት የሚደረግ ብርቱ ሥልጠናም የልብን የላይኛ ክፍል ይለጥጣልና። (ከዚህ ተነሥቶ መሮጥ ይጎዳል የሚል እንዳይኖር፤ በመጠን የሚደረግ እንቅስቃሴ ልብን ይጠብቃል።) ቁመተ ረጅም ሰዎችም ከአጫጭሮቹ ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። ቁመቱን የመረጠ ማን ነው? በዝርዝሩ ውስጥ ሰካራሙና ታታሪው፣ አዛውንቱና ቁመተ ሎጋው ጎን ለጎን ተሰልፈው ስናይ፣ የመጋለጥ መዝገብ የኃጢአት መዝገብ አለመሆኑ በቂ ማስረጃ ይሆነናል።

ይሁን እንጂ የተለመደው መልስ ከዚህ የባሰ ጉድለት አለበት። የተቆጠረው ቆጣሪዎቹ በነበሩበት ሀገር ነው። በ47 ሀገሮች የልብ መርገብገብ ያለባቸውን ከ15 ሺህ በላይ ሕሙማን የመዘገበ ሌላ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሰሜን አሜሪካ ከታማሚዎቹ መካከል በልጅነት ቁርጥማት ልባቸው የተጎዳ ከመቶ ሁለት ያህል ሲሆኑ በአፍሪካ ግን ከመቶ ሃያ ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥራ ሁለት የአፍሪካ ሀገሮች፣ በየመንና በሕንድ የተካሄደው ጥናት ደግሞ በዚህ በቁርጥማት የልብ ሕመም የተያዙ 3343 ሰዎችን መርምሯል። ግማሾቹ ከ28 ዓመት አይበልጡም ነበር። ከሦስት ሁለቱ እጅ ሴቶች ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ በላይ ልቡ የሚርገበገብ ነበር። እንግዲህ «የተጋለጠው ማን ነው» ብሎ ለሚጠይቀን ከእኛ ምድር የምንሰጠው መልስ ከመጽሐፉ ይለያል። በእኛ ዘንድ ከአዛውንቱ ጎን ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ቆማለች።

ይህች ሴት እንዴት ከዚህ ደረሰች? ጉዞው ከጉሮሮ ይጀምራል። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተሕዋስ ጉሮሮው ይቆስላል። ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበትን፣ ቁርጭምጭሚትንና ክርንን እያፈራረቀ የሚያሳብጥ ቁርጥማት ከትኩሳት ጋር ይነሣል። አካል ተሕዋሱን ለመውጋት ያሰለፈው ኃይል ወዳጅና ጠላትን መለየት ተስኖት የገዛ ራሱን ልብ ያቆስላል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ በልብ በሮች ላይ ያረፈው ቁስል ግን ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥርም ጠባሳው ይጠነክራል። በግራ በኩል ያለው ሚትራል የተባለው በር ይጠብባል። ደም በጠበበው በር ለማለፍ ሲታገል ከበሩ በላይ ያለው ክፍል ከዓመት ዓመት ይለጠጣል፤ የተለጠጠውም ግድግዳ በመጨረሻ መርገብገብ ይጀምራል። ከጉሮሮ ቁስል እስከዚህ ድረስ አሥር ወይም ሃያ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህም የልጇን ጉሮሮ በክረምት ያየች እናት፣ ልጇ ተድራ ከወለደች በኋላ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ሁለቱን ነገሮች አታያይዛቸውም። በሀገራችን በተለያዩ ስፍራዎች ከሦስት ሺህ በላይ ተማሪዎች ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከሺህ ልጆች ወደ 19 የሚሆኑት የዚህ ጉዳት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም ነበር፤ በትምህርት ቤት ግቢ ከእኩዮቻቸው ጋር ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ነገሩን ወደ አንድ ስፍራ እናምጣው። አሶሳና በዙሪያዋ ያሉት እንደ ጾሬ ያሉ መንደሮች የበርታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖርባቸው ናቸው። በአካባቢው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎችም ስፍራዎች ተነሥተው የሰፈሩ ወገኖች አሉ፤ በጾሬ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ቤተሰቦች የተጠለሉበት ጣቢያ ይገኛል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም በኩርሙክ በኩል ብዙዎች ድንበር ተሻግረው መጥተዋል። በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በታሪክ የተለያዩ እነዚህ ሕዝቦች ብዙ ልጆች በአንድ ጠባብ ጣራ ሥር ማደራቸው ያመሳስላቸዋል። ይህ የጉሮሮ ተሕዋስ የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ በሳልና በትንፋሽ ከልጅ ወደ ልጅ ይሻገራል፤ መተኛው በጠበበ ቁጥር መንገዱ ያጥርለታል።

በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ልጅ በክረምት ማታ ጉሮሮውን ቢያመው ምን ይደረግለታል? በብዙ የሀገራችን ክፍሎች እንደሚደረገው ዝንጅብል ይፈላለታል፣ ጤና አዳም ይሰጠዋል፣ ካልተሻለውም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል መቁረጥ ተሕዋሱን አይገድልም፤ ይልቁንም ደም ያፈስሳል፣ ሌላ ቁስል ያመጣል። ሆኖም ቆራጩ የሚገኘው በመንደሩ ውስጥ ሲሆን ጤና ጣቢያው ያለው በክረምት ከሚሞላው ወንዝ ማዶ ነው። ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሚሰጥ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ቁርጥማቱ እንዳይነሣ ሊከላከል ይችላል። እናቲቱ ይህን ብታውቅ ኖሮ ልጁን አዝላ በሄደች። በዚያች ሌሊት ግን ከምታውቀው ሁሉ የተሻለውን አድርጋለች፤ ሊወቅሳት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ እርሱ ያወቀውን ለማን እንደ ነገረ ራሱን ይጠይቅ።

በዚህ ምድር ልብን የሚያርገበግብ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም እንቅርት ነው። ብርቱ ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ ባጠበበት አገር የአንገት ዕጢ የጎደለውን ለመፈለግ ያብጣል። ለብዙ ዓመት ያበጠ እንቅርት አንዳንድ ጊዜ ከትእዛዝ ወጥቶ ከመጠን ያለፈ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ሰውየው ይከሳል፣ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡም መርገብገብ ይጀምራል። መድኃኒቱ ጨው ላይ የሚጨመር ጥቂት አዮዲን ነው። የጨዋችን ታሪክ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ቀድሞ ወደ ገበያችን የሚመጣው ጨው በአብዛኛው ከአሰብና ከምጽዋ ሲሆን አዮዲን ይጨመርበት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ በምትኩ የመጣው የአፋር አፍዴራ ጨው አዮዲን አልነበረውም። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። ድንበር ለመያዝ የተዋጉት ሰዎች በአሶሳ ገበያ ጨው የምትሸምተውን ሴት አንገት አስበው አልነበረም። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ እንደ ታየው፣ ለረጅም ጊዜ አዮዲን ያጣ ሕዝብ አዮዲን ሲያገኝ የቆየ እንቅርት ያለባቸው አንዳንዶች ዕጢያቸው ለጊዜው ከመጠን በላይ መሥራቱ ነው። «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል በነርሱ ላይ ቃል በቃል የደረሰ ያህል ነው። ሕዝብን የሚያድን ትክክለኛ ሥራ እንኳ ጥቂቶችን ለጊዜው ያጋልጣል፤ ይህም ሥራውን ስሕተት አያደርገውም፤ ሠሪዎቹ ግን እነዚያን ጥቂቶች ፈልገው እንዲያክሙ ያስገድዳቸዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። የገዛ ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። «ተጋለጠ» የሚለው ቃል ከ«ገለጠ» የወጣ ነው፤ የተጋለጠ ማለት መሸፈኛው የተነሣ፣ ከለላ ያጣ ማለት ነው። ቃሉን በዚህ ትርጉም ስንይዘው ጥያቄው ከታማሚው ገላ ላይ ይነሣና ወደ ከለላው ይዞራል። ይህ ከለላ ምን ነበረ? ማንስ ሊያኖረው ይገባ ነበር? ቤት፣ መርፌ፣ ጨው፣ መንገድ፣ ዕውቀት፤ እነዚህ ሁሉ ከለላዎች ናቸው፤ አንዳቸውንም አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ለራሷ ልታኖር አትችልም።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። የመጀመሪያው «እንዲህ ከሆነ ማንም በምንም አይጠየቅም፤ አረቄውን ሲገለብጥ የኖረውም ሰው ከለላ አጥቼ ነው ሊል ነው» የሚል ነው። ተቃውሞው በከፊል እውነት አለው። የደም ግፊቱ እንዲለካ ተነግሮት እምቢ ያለ፣ መጠጥ እንዲተው ተመክሮ ያልተወ ሰው በራሱ ጤና ላይ ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ ሰውየውን ከሕፃን መቁጠር ነው። ነገር ግን ድርሻ ያለው መሆኑ የሚጠቅመን ለነገ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ሁለቱንም እንዳልተቀበላቸውና ወዲያው ወደ ፈውሱ እንደ ሄደ በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ እናነባለን። ያለፈውን ጥፋት መዝኖ መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣውን ለማዳን ማን ምን ሊሠራ እንደሚችል መጠየቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በታማሚ አልጋ አጠገብ ሲነገር አንዳችም አይፈውስም። ሁለተኛው ጠጪውንም ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን እንደ ወንድም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «የሁሉ የሆነ ኃላፊነት የማንም አይሆንም» ይላል። መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ወላጅ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሁሉም ተጠያቂ ናቸው ማለት በተግባር ሁሉም እርስ በርስ ይጠባበቁ ማለት ይሆናል። በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚህ ሕመም ውሳኔ አሳልፏል፤ ውሳኔው መልካም ነው፤ ነገር ግን በጄኔቭ የተጻፈ ቃል ብቻውን ወንዝ አይሻገርም። በእኛ አስተያየት ኃላፊነት በሁለት ነገር ይለካል፤ በቅርበትና በዕውቀት። ለልጁ የሚቀርብና ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከሩቁ ይልቅ ይጠየቃል። ሩቅ ያለው ባለ ሥልጣንም ነጻ አይወጣም፤ የእርሱ ግዴታ ቅርብ ላለው ሰው የሚሠራበትን ነገር፣ ማለትም መርፌውንና መንገዱን ማቅረብ ነው። መርፌ የሌለው ጤና ጣቢያ ድረስ ልጇን አዝላ የሄደች እናት ድርሻዋን ጨርሳለች።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ምርጫ ይገጥመናል። ልቡ ተጎድቶ በፊታችን የቆመውን ልጅ ማሳከም ይበልጣል፣ ወይስ ገና ያልታመሙትን መጠበቅ? ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን መሠረቱ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ ተከፍቶ ቀድሞ ወደ ውጭ ሀገር ካልተላኩ በቀር የማይድኑ ልጆች በአዲስ አበባ መታከም ጀመሩ። ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ከአሶሳ ለሚነሣ ቤተሰብም ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ። የአንድ ልብ ቀዶ ጥገና ወጪ እጅግ ብዙ የፔኒሲሊን መርፌዎችን ሊገዛ ይችላል። ሒሳቡን ብቻ ያየ ሰው «ቀዶ ጥገናው ይቅር» ሊል ይችላል። ይህን ቃል ግን ልጁን በእጇ ለያዘች እናት ፊት ለፊት ሊናገር የሚደፍር ማን ነው? በፊታችን ያለው ልጅ ስም አለው፤ አይቶናል፤ ዐይኑን አይተን ልንመልሰው አንችልም። ያልታመመው ልጅ ደግሞ ማን እንደ ሆነ ከቶ አይታወቅም፤ ብንጠብቀው እንደ ጠበቅነው አያውቅም፣ አያመሰግነንም፣ ፎቶግራፉም በየትኛውም መጽሔት አይወጣም። እኛ የምንፈራው ሁለተኛውን መርሳት ነው፤ ምክንያቱም ምስጋና የሌለበት ሥራ በቀላሉ ይረሳል። አንዱ ለሌላው ሰበብ ሳይሆን ሁለቱም ሊሠሩ ይገባል፤ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ያለን እኛ የመንደር ሰዎች ግን በይበልጥ የምንችለው ሁለተኛውን ነው።

ሌላው ጥያቄ ስለ ወጣቷ ሴት ነው። የልብ በሯ የጠበበባት ልጃገረድ ለጋብቻ ስትደርስ በብዙ ቤት ሕመሟ ከእጮኛዋ ይደበቃል፤ አንዳንዴም ከራሷ። እርግዝና የደምን መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ የተደበቀው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በመጀመሪያው እርግዝና ነው። ልቧ መርገብገብ ጀምሮ ከሆነ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና በ24 ሀገሮች ከ4500 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ እንዲህ ላለችው ታማሚ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ አሮጌውና ርካሹ እንደ ዋርፋሪን ያለው መድኃኒት ሕይወትን የበለጠ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ዋርፋሪን ግን ዘወትር የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ምርመራው በጤና ኬላ አይገኝም፤ በእርግዝና መጀመሪያ ወራትም ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ጋር መማከር አለባት፤ ሕመሟን ካላወቀች ደግሞ ልትማከር አትችልም። ዘመዶች የሚደብቁት ከፍቅር የተነሣ እንደ ሆነ እናምናለን። ነገር ግን በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ያለውን ነገር ከእርሷ በፊት አማቶቿ ማወቅ አለማወቃቸውን መምረጥ የዘመድ መብት አይደለም። በመጀመሪያ እርሷ ትወቅ፤ ከዚያም ለማን እንደምትናገር እርሷ ትወስን። አግባኝ ያላትም ሰው እውነቱን ሰምቶ ከቀረባት፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት እርሱ ይሆናል።

በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ለረጅም ዘመን የሚቆዩ ሕመሞችን ክትትል ከትልቅ ሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ በማውረድ፣ ሥራውን በሠለጠኑ ነርሶች እጅ የማድረግ ልማድ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ተሞክሯል፤ በቁርጥማት ልባቸው የተጎዳ ልጆችም መርፌያቸውን በቅርብ እንዲያገኙ ረድቷል። በጎረቤታችን በኡጋንዳ ሰሜን ደግሞ ጉዳታቸው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ የተገኘ 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት መካከል ሕመሙ የባሰባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ካልተወጉት ግን ከመቶ ስምንት ይበልጣሉ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስና ለቁምስና ምእመናን የሚቀረው እንግዲህ ይህ ነው። እናንተ በየሳምንቱ ልጆቹን ታያላችሁ፤ ሐኪም አያያቸውም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በጉንፋን የሚመጣና በራሱ የሚያልፍ ነው፤ ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ትኩሳት፣ በጉሮሮ ላይ ነጭ መግል፣ በአንገትም ያበጠና ሲነኩት የሚያም ዕጢ ያለበት ልጅ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ወደ እንጥል ቆራጭ አይሂድ። ጉልበቱ ዛሬ፣ ክርኑ ነገ የሚያብጥበትንም ልጅ «እያደገ ነው» ብላችሁ አትተዉት። አዋቂዎችንም በተመለከተ፣ ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ለአንድ ደቂቃ የደም ሥርን ምት ማድመጥ ማንም ሊማረው የሚችል ነው፤ ምቱ ያለ ሥርዐት የሚዘባረቅ ከሆነ ሰውየውን ለምርመራ መላክ ነው።

መርፌ የተጀመረለት ልጅ ደግሞ ለዓመታት፣ አንዳንዱም እስከ ጉልምስና፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መወጋት ይኖርበታል። መርፌው ያማል፤ ልጁም የታመመ መስሎ አይሰማውምና ቤተሰቡ ይሰለቻል። ብዙዎች ቀኑን እንደ ወርኃዊ በዓላት በወር ይቆጥሩታል፤ ለምሳሌ «በየወሩ በ12» ይላሉ። የመድኃኒቱ ኃይል ግን ወደ አራተኛው ሳምንት ሲደርስ እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ በሳምንት ይሁን፤ አራት ሳምንት ሁልጊዜ በዚያው ዕለት ይውላል፤ ሰኞ የተወጋ ልጅ ሰኞ ይመለሳል። በተለይ በክረምቱ መጨረሻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወንዙ የሚሞላውና ልጆች ተፋፍገው የሚተኙት ያን ጊዜ ነው፤ በወር የሚቆጥረውም ቤተሰብ ጳጉሜንን ይረሳታል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ሠላሳ አምስት ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ሠላሳ ስድስት።